የአዳማ ተርባይኖች ግሪዱን ቢደግፉ ይጎዳሉን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አዳማ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው ከከተማችን በስተሰሜን ምዕራብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ለተተከሉት የንፋስ ተርባይኖች የቆሙ ጠበቃ ናቸው። ክርክራቸው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ተርባይን የተሠራው ከንፋስ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ብቻ ነው፤ የብሔራዊ ግሪዱን፣ ማለትም አገሪቱን የሚያገናኘውን የኤሌክትሪክ መረብ፣ ፍሪኩዌንሲ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚወዛወዝበትን ብዛት) እና ቮልቴጅ እንዲደግፍ ማስገደድ ዕድሜውን በግማሽ ያሳጥረዋል፤ ቆመው የምናያቸው ክንፎች የዚህ ግዳጅ ሰለባዎች ናቸው፤ ስለዚህ ድጋፉ ለውሃ ግድቦች ይተው፣ ተርባይኖቹም ግሪዱ በታመመ ቁጥር ወዲያው ተነጥለው ራሳቸውን ያድኑ። ለምሳሌ ያመጡት የእኛኑ የአዳማን ጋሪ ነው። ተርባይኑ «ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት ውሎ ማታ ወፍጮ እንዲያዞር የታዘዘ ፈረስ» ሆኗል ይላሉ።

ምሳሌው ያምራል፤ ጽሑፉን ያነበበ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰውም እርሱን ነው። ስለ ጋሪ ከተነሳ ግን ባለ ጋሪዎቹን መጠየቅ ነው። የፈረስን ጉልበት የሚጨርሰው አካሄዱን ጠብቆ መጎተቱ ሳይሆን ቁልቁለት ላይ ልጓሙ በድንገት ተስቦ መገታቱ እንደሆነ ይነግሯቸው ነበር። የእኔም መከራከሪያ ይኸው ነው። በንፋስ ማመንጫ ጥገና ላይ የሠራሁ ሰው ስለሆንሁ ግን ምሳሌውን እዚሁ ትቼ በብረቱና በሽቦው ላይ ልነጋገር።

ጽሑፉ የሚነሳው «ተርባይን ሥራው ማመንጨት እንጂ ግሪድ መጠበቅ አይደለም» ከሚል መሠረት ነው። ይህ በአንድ ወቅት እውነት ነበር። በአውሮፓ ተርባይኖች ጥቂት በነበሩበት ዘመን ደንቡ ራሱ ግሪዱ ሲናወጥ እንዲነጠሉ ያዝዝ ነበር፤ ጥቂቶች ቢወጡ የሚጎድል ነገር አልነበረምና። ቁጥራቸው ሲበዛ ግን የሁሉም ባንድ ጊዜ መውጣት ራሱ አደጋ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እነጀርመን ደንቡን ገለበጡት፤ ቮልቴጅ ለአፍታ ቢዘቅጥም ተርባይኑ ተያይዞ እንዲቆይ መጠየቅ ጀመሩ። የእኛዎቹ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። አዳማ አንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጠናቀቅ 34 ተርባይኖች ነበሩት፤ አዳማ ሁለት በ2015 ሲመረቅ 102። እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ስለሆኑ ሁለቱ ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ይሆናሉ። ይህን ያህል ኃይል ከግሪድ ላይ በአንዴ ወርዶ «እኔን አይመለከተኝም» ማለት አይችልም።

ወደ ዋናው ክስ ልግባ። «ዕድሜውን በግማሽ ያሳጥራል» ይላሉ ጸሐፊው። ይህን ሲሉ አንድም ስሌት አላቀረቡም፤ ስለዚህ እኔ ላስላው።

የአዳማ አንድን ዓይነት ተርባይን እንውሰድ። ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ 77 ሜትር ስፋት አለው፤ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በደቂቃ 17 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በሚዞረው አካል ውስጥ የተከማቸ ጉልበት አለ። በዚህ መጠን ላሉ ተርባይኖች ይህ ጉልበት ሙሉ ኃይላቸውን ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ሊሰጥ የሚችል ነው፤ መካከለኛውን፣ አራት ሰከንድን ብንወስድ 1.5 ሜጋ ዋት በአራት ሲባዛ 6 ሜጋ ጁል ይሆናል። አሁን አንድ ቦታ ላይ ትልቅ ጄኔሬተር ወደቀ፣ ፍሪኩዌንሲው ከ50 ኸርዝ በታች ማሽቆልቆል ጀመረ፣ ተርባይኑም ለ10 ሰከንድ 6 በመቶ ተጨማሪ ኃይል እንዲሰጥ ታዘዘ እንበል። ቁጥሩን ከኪሴ አላወጣሁትም። የካናዳው ሃይድሮ ኬቤክ ከንፋስ ማመንጫዎች የሚጠይቀው ይህን ያህል ነው፤ የእርሱም ግሪድ እንደ እኛው በውሃ ላይ የተመሠረተ ነው።

የ1.5 ሜጋ ዋት 6 በመቶ 90 ኪሎ ዋት ነው፤ በ10 ሰከንድ 0.9 ሜጋ ጁል ይወጣል። ይህም ተከማችቶ ከነበረው ጉልበት 15 በመቶ ነው። ጉልበት ከፍጥነት ጋር በካሬ ስለሚሄድ ፍጥነቱ የሚቀንሰው 8 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል፤ 17 የነበረው ዙር ከ16 ጥቂት ዝቅ ይላል። በዘንጉ ላይ ያለው የመጠምዘዝ ኃይል ደግሞ በአሥረኛው ሰከንድ ከመደበኛው 15 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ኮረብታው ላይ ቆሞ የሚያየው ሰው ክንፎቹ መዘግየታቸውን እንኳ ላያስተውል ይችላል።

ይህን ንፋሱ ራሱ ከሚያደርገው ጋር እናስተያየው። በንፋስ ውስጥ ያለው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ያድጋል። በሰከንድ 8 ሜትር የነበረ ንፋስ 9 ሜትር ሲሆን ለተርባይኑ የሚደርሰው ኃይል በ42 በመቶ ይጨምራል። ኮረብታችን ላይ በበጋ እንዲህ ያለ ለውጥ ለማየት አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ እስኪጨርሱ መጠበቅ አያስፈልግም። ፍሪኩዌንሲ ለመደገፍ የሚጠየቀው ተጨማሪ ኃይል ተርባይኑ ሳይጠየቅ ከሚሸከመው እጅግ ያነሰ ነው ማለት ነው።

በዚያ ላይ እያንዳንዱ ክንፍ በአንድ ዙር ውስጥ የራሱን ክብደት አንዴ በዚህ ጎን፣ አንዴ በዚያኛው ጎን ይሸከማል። ይህ መታጠፍ በ20 ዓመት የንድፍ ዕድሜው ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይደጋገማል። የፍሪኩዌንሲ ድጋፍ በየቀኑ አሥር ጊዜ ተጠየቀ ብለን ብናጋንን እንኳ በ20 ዓመት 73,000 ጊዜ ነው።

ጸሐፊው ግን «ግማሽ» የሚለውን ከባዶ ሜዳ አላነሱትም፤ ከየት እንደመጣ የምገምት ይመስለኛል። የብረት ድካም የሚባለው ነገር ከጭነት ጋር በእኩል አይሄድም። ለተበየደ ብረት ጉዳቱ ከጭነቱ ጋር ወደ አራተኛ ደረጃ ገደማ ያድጋል፤ ክንፎቹ ለተሠሩበት የመስታወት ቃጫ ደግሞ ወደ አሥረኛ ደረጃ ይጠጋል። በሌላ አነጋገር እያንዳንዷ የጭነት መወዛወዝ በ10 በመቶ ብትጨምር የብረቱ ድካም በ46 በመቶ ያድጋል፣ የክንፉ ደግሞ ከሁለት እጥፍ ተኩል ያልፋል። ስለዚህ ድጋፍ ማለት ተርባይኑን ሌት ተቀን፣ በእያንዳንዱ ዙር፣ ከአቅሙ በላይ ማሠራት ቢሆን ኖሮ «ግማሽ» ማለታቸው ልክ ነበር፤ እንዲያውም ያንስ ነበር። ድጋፍ ግን በየዙሩ የሚጨመር ጭነት አይደለም፤ ፍሪኩዌንሲው ሲያሽቆለቁል ለሰከንዶች መጥቶ የሚሄድ ነው። ስሌቱን ያለ ቦታው አስገብተውት ነው።

የድጋፉ አንዱ ክፍል ደግሞ ጭራሽ ዕረፍት ነው። ፍሪኩዌንሲው ከ50 በላይ ሲወጣ ከተርባይኑ የሚጠበቀው ክንፎቹን ጥቂት አዙሮ ኃይሉን መቀነስ ነው። ያን ጊዜ ንፋሱ ማማውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል። የሚጎዳ ነገር ካለ ክንፎቹን የሚያዞሩት ኩሽኔታዎች ናቸው። ትንንሽ ወዲያ ወዲህ ማለት ሲበዛባቸው ግራሶው ከመገናኛው እየተገፋ ይወጣና ብረት ከብረት ይፋተጋል። ለዚህ መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ፍሪኩዌንሲው በጥቂቱ ሲወዛወዝ ተርባይኑ ዝም እንዲል የምላሽ መነሻውን ሰፋ ማድረግና ቅባቱን በወቅቱ መስጠት። ዕድሜ በግማሽ የሚያሳጥር ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ተርባይኑን በእውነት የሚጎዳው ምንድን ነው? ጸሐፊው መድኃኒት ብለው ያዘዙት መነጠል ነው።

አንድ ተርባይን በጥሩ ንፋስ እየሠራ እያለ መስመሩ ሲቋረጥ ማማው ግርጌ ውስጥ ቆሜ አውቃለሁ። መጀመሪያ የሚሰማው የዋናው ብሬከር ጩኸት ነው፤ በብረት ሲሊንደር ውስጥ ስለሆኑ ጆሮን ይመታል። ከዚያ የኮንቨርተሩ (ኤሌክትሪኩን ለግሪዱ እንዲስማማ አድርጎ የሚቀይረው መሣሪያ) ማቀዝቀዣ ፋኖች ድምፃቸው እየቀጠነ ይጠፋል፣ መብራቱ ይሞትና የአደጋ ጊዜዋ ትንሽ መብራት ትበራለች። ከላይ ሲመላለስ የነበረው የክንፎቹ እፍታ አንዴ ይፈጥንና ወዲያው ይሰበራል። ያን ጊዜ መሰላሉን የያዘ እጅ ሁሉን ይረዳል። ማማው ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ በውስጡ ተንጠልጥለው የሚወርዱት ወፋፍራም ኬብሎች ከማሰሪያቸው ጋር እየተላተሙ ያንኳኳሉ። ጸጥ እስኪል ደቂቃዎች ይወስዳል።

ከላይ የሆነው ይህ ነው። ጄኔሬተሩ ክንፎቹን ይዞ ይገታቸው የነበረው ኃይል በቅጽበት ጠፋ። ንፋሱ ግን አልቆመም፤ ስለዚህ ክንፎቹ መፍጠን ጀመሩ። መቆጣጠሪያው በባትሪ ወይም በሱፐር ካፓሲተር ጉልበት ክንፎቹን በፍጥነት ወደ ዘጠና ዲግሪ አዞራቸው። ማማውን በቶን የሚቆጠር ኃይል ወደ ኋላ ይገፋ የነበረው ግፊት በሰከንዶች ውስጥ ጠፍቶ ለአፍታ በተቃራኒው አቅጣጫ መጣ፤ ማማው እንደተወጠረ ቀስት ተለቀቀ። የማርሽ ሳጥን ባላቸው ተርባይኖች ላይ ደግሞ በአንድ ጎናቸው ተደግፈው የነበሩት የማርሽ ጥርሶች ጭነቱ ሲለቃቸው በሌላው ጎናቸው ተጋጩ። ንድፍ አውጪዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ዓለም አቀፉ የተርባይን ንድፍ መስፈርት የግሪድ መጥፋትንና ድንገተኛ ማቆምን ራሳቸውን የቻሉ የጭነት ሁኔታዎች አድርጎ የሚያስጠናው ስለሚከብዱ ነው። ተርባይኑ ይችላቸዋል፤ የሚችላቸው ግን በቁጥር ተገምተው ነው።

ጣጣው በዚያም አያበቃም። መብራት የጠፋበት ተርባይን የዘይት ፓምፑ አይሠራም፣ ፊቱን ወደ ንፋሱ ማዞር አይችልም፣ ካቢኔቶቹን የሚያደርቀው ማሞቂያ ጠፍቷል። ክረምት ላይ ሌሊቱን እንዲህ ካደረ ጠዋት የኮንቨርተሩ ካቢኔት በር ሲከፈት ጤዛ ይገኝበታል። ውሃና ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ አብረው አያድሩም። የቆሙት ኩሽኔታዎችም ሳይዞሩ በመንቀጥቀጥ ብቻ አንድ ቦታ ላይ ይበላሉ።

ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ቮልቴጅ ለአፍታ ሲዘቅጥስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው «ተርባይን» እያሉ በጅምላ መናገራቸው አሳስቷቸዋል። የአዳማ አንድ ተርባይን፣ የቻይናው ጎልድዊንድ፣ ያለ ማርሽ ሳጥን የሚሠራ ነው፤ ጄኔሬተሩ በቋሚ ማግኔት የተሠራና ከክንፎቹ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፣ ኃይሉም በሙሉ በኮንቨርተር በኩል ያልፋል። ቮልቴጁ ሲዘቅጥ የሚተርፈው ጉልበት በሬዚስተር ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ላይ ያለው ብረት መታወኩን ብዙም አያውቀውም። የአዳማ ሁለት ተርባይን፣ የቻይናው ሳኒ፣ ግን ማርሽ ሳጥን ያለው ሲሆን የጄኔሬተሩ ስታተር (የማይዞረው ክፍል) ከግሪዱ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፤ ኮንቨርተሩ የሚያገኘው የኃይሉን ከፊል ብቻ ነው። እዚያ ቮልቴጅ ሲዘቅጥ ሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) ውስጥ ትልቅ ከረንት ይፈነዳል፣ መከላከያው ገብቶ ሾርት ያደርገዋል፣ ዘንጉም እየተጠማዘዘ ይወዛወዛል። ይህ እውነተኛ ጭነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ቮልቴጁ የሚዘቅጠው መስመር ላይ ችግር ስለደረሰ ነው እንጂ ተርባይኑ ግሪዱን ስለደገፈ አይደለም። ቢነጠልም የመጀመሪያው ምት አይቀርለትም፤ በላዩ ላይ ድንገተኛው ማቆም ይጨመርበታል። ተያይዞ ከቆየ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ መስመሩ ሲጸዳ ሥራውን ይቀጥላል።

ቆመው ስለሚታዩት ክንፎች ብዙ አልልም። ተርባይን በሰከንድ ከሦስት ሜትር ገደማ ባነሰ ንፋስ አይነሳም፤ በክረምት የአዳማ ንፋስ ይደክማል። ከዚያ ወዲያ መደበኛ ጥገና አለ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መለዋወጫ መጠበቅ አለ፣ የመስመር ሥራ አለ። ከፍጥነት መንገዱ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የቆመ ክንፍ ቆጥሮ ምክንያቱን ማወቅ አይቻልም። ጸሐፊው የቆሙት ሁሉ ድጋፍ ያደከማቸው ናቸው ሲሉ ምን እንዳዩ አልነገሩንም።

«ቮልቴጅ መደገፍ ኮንቨርተሩን ያቃጥለዋል» የሚለው ነጥባቸው ግን ግማሽ እውነት አለው፤ ጠበቅ ብዬ ልየው። ተርባይን ቮልቴጅ የሚደግፈው ሪአክቲቭ ኃይል (ራሱ ሥራ የማይሠራ፣ ቮልቴጅን ግን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ የኤሌክትሪክ ክፍል) በመስጠትና በመቀበል ነው። ይህ በክንፉም በማማውም ላይ ጭነት አይጨምርም፤ የሚጨምረው በኮንቨርተሩ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት ነው። ከረንት ሲጨምር ሙቀት ይጨምራል። በኮንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ሴሚኮንዳክተሮች በሞቁና በቀዘቀዙ ቁጥር መገናኛዎቻቸው ይሳሳባሉ፣ ውሎ አድሮም ይላቀቃሉ። የአዳማ ከፍታ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። አየራችን ከባሕር ወለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ አይወስድም። ከ1,000 ሜትር በላይ የሚተከል የኤሌክትሪክ ዕቃ ከስሙ ባነሰ አቅም እንዲሠራ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ የስምጥ ሸለቆው አቧራ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ስለዚህ «በሙሉ ንፋስ፣ በቀትር ሙቀት፣ ሙሉ ሪአክቲቭ ኃይል ስጡ» የሚል ትእዛዝ ቢኖር እኔም ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እቃወመው ነበር።

ከዚህ ተነስቶ «ቮልቴጅ አይደግፉ» ማለት ግን ማጣሪያው ቆሸሸ ተብሎ መኪናውን መሸጥ ነው። ተርባይኑ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራበት ሰዓት ከዓመቱ ጥቂቱ ነው፤ በቀረው ጊዜ ኮንቨርተሩ ውስጥ ትርፍ ቦታ አለ። ቮልቴጅ ደግሞ እንደ ፍሪኩዌንሲ አይደለም። ፍሪኩዌንሲ በመላው አገር አንድ ነው፤ ጊቤ ሦስት ላይ የተደረገ ድጋፍ አዳማ ላይ ይሰማል። ቮልቴጅ ግን የአካባቢ ጉዳይ ነው፤ ሪአክቲቭ ኃይል በረዥም መስመር ሲላክ በመንገድ ላይ ያልቃል። የአዳማን ቮልቴጅ ከጉባ ሆኖ ማቃናት አይቻልም። ቅርባችን ያለው ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 የተሠራ ባለ 43 ሜጋ ዋት ማመንጫ ነው። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በስታቢላይዘር የሚያስጠብቅ የአዳማ ነዋሪ ከደጁ 204 ሜጋ ዋት የሚያህል የተርባይን ሠራዊት እያለ ለምን ዝም ይላል ቢል ልክ ነው። ዝም ማለት ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2025 ስፔንና ፖርቱጋል አይተውታል። ቮልቴጅ ከልክ በላይ ሲወጣ ብዙዎቹ የታዳሽ ኃይል ማመንጫዎች ቮልቴጅ እንዲቆጣጠሩ አልተደረጉም ነበር፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየተከተለ ሁለቱ አገሮች ጨለሙ።

«ድጋፉን ግድቦች ይሥሩት» የሚለው ሐሳብ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ክፍል አለ። ፍሪኩዌንሲ ሲወርድ ለደቂቃዎች የሚጨመር ኃይል በተጠባባቂነት መያዝ የውሃ ሥራ መሆን አለበት። ተርባይን ይህን ለማድረግ አስቀድሞ ከሚችለው በታች እየሠራ መጠበቅ አለበት፤ ያኔ ያለፈው ንፋስ አለፈ። ግድብ ግን ያልተጠቀመበትን ውሃ ያቆየዋል። በበጋ የአዳማ ንፋስ ሲበረታና የግድቦች ውሃ እየቀነሰ ሲሄድ፣ እያንዳንዱ ከንፋስ የመጣ ኪሎ ዋት ሰዓት በግድቡ ውስጥ የሚቀር ውሃ ነው። ይህን ውሃ ተጠባባቂ ለማስያዝ ብሎ ንፋስ ማባከን አይገባም።

የማልስማማው ውሃ ሁሉን ይችላል በሚለው ነው። ከዘጠና በመቶ በላይ ኤሌክትሪካችን ከውሃ ስለሚመነጭ ግዙፍ የሚሽከረከር ብረት አለን፤ ለመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ይህ ሀብት ነው። የውሃውን በር ከፍቶ ተጨማሪ ኃይል ማምጣት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከዚህም የሚገርመው፣ የውሃ ተርባይን በር ሲከፈት ኃይሉ ወዲያው አይጨምርም፤ በረዥሙ ቧንቧ ውስጥ ያለው የውሃ ዓምድ እስኪፈጥን ድረስ በሩ ላይ ያለው ግፊት ስለሚወድቅ ኃይሉ መጀመሪያ ጥቂት ይቀንሳል። ፍሪኩዌንሲ የሚያሽቆለቁለው በእነዚያው ሰከንዶች ነው። ኮንቨርተር ያለው የንፋስ ተርባይን የሰከንድ ክፍልፋይ ይበቃዋል። ኬቤኮች በውሃ ተሞልተው ሳሉ ከንፋስ ያንን 10 ሰከንድ የጠየቁት ለጌጥ አይደለም።

የግሪዳችን መጠንም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ከ13ቱ አሃዶቹ ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋ ዋት ናቸው። አንዱ በድንገት ቢወጣ የሚጎድለው አዳማ አንድና ሁለት በሙሉ ኃይላቸው ተደምረው ከሚሰጡት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነው። በሌላ በኩል ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ቀጥተኛ ከረንት የሚያስተላልፍ ስለሆነ የኬንያ ጄኔሬተሮች ግዝፈት በራሱ አያግዘንም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሽያጭ ሲጀመር የተስማማነው 200 ሜጋ ዋት ነበር፤ ያ መስመር ቢቋረጥ ይህን የሚያህል ኃይል በቅጽበት መድረሻ ያጣል፣ ፍሪኩዌንሲውም ወደ ላይ ይሸሻል። ኮረብታችን ላይ ያሉት ተርባይኖች ያን ጊዜ ክንፋቸውን ጥቂት ቢያዞሩ የሚከፍሉት የብረት ድካም የለም፤ ቀደም ብዬ እንዳልሁት እንዲያውም ያርፋሉ። ጸሐፊው ከዚህም ነጻ ይውጡ ይላሉ።

በመጨረሻ ከውጭ አገር ያመጡት ማስረጃ አለ። «አውስትራሊያ በንፋስ ተማምና ጨለመች» ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። እውነቱ ይህ ነው፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 2016 በደቡብ አውስትራሊያ አውሎ ነፋስ የማስተላለፊያ መስመሮችን ጣለ፣ በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ቮልቴጁ ደጋግሞ ዘቀጠ። ከዚያ ዘጠኝ የንፋስ ማመንጫዎች በድምሩ 456 ሜጋ ዋት ቀነሱ፤ ከጎረቤት ክልል የሚያገናኘው መስመር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ወጣ፣ 850,000 ያህል ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ገቡ። ማመንጫዎቹ ለምን ቀነሱ? ተርባይኖቹ ተሰብረው አይደለም። ቮልቴጅ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ደጋግሞ ከዘቀጠ ራሳቸውን ለማዳን እንዲነጠሉ በሶፍትዌር ውስጥ ቁጥር ተቀምጦላቸው ነበር። በኋላ የተደረገው ያን ቁጥር ማስተካከል ነው። ጸሐፊው ለአዳማ ያዘዙትን መድኃኒት ደቡብ አውስትራሊያ ቀድማ ቀምሳዋለች።

የእኛ ተርባይኖች የተሠሩባት ቻይናም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2011 በጋንሱ ግዛት ጂውቹዋን በሚባል ቦታ አንድ የንፋስ ማመንጫ ውስጥ የኬብል ጫፍ ተበላሸ። ቮልቴጁ ሲዘቅጥ ብዙ ተርባይኖች ተያይዘው መቆየት ስላልቻሉ ወጡ፤ እነርሱ ሲወጡ ቮልቴጁ ናረና ሌሎችንም አስወጣ፤ በድምሩ 598 ተርባይኖች ወጡ። 598 ድንገተኛ ማቆም፣ 598 የተወዛወዘ ማማ፣ በአንዲት ኬብል ጫፍ ሰበብ። ቻይና በዚያው ዓመት ተያይዞ መቆየትን በመስፈርቷ አጠበቀች።

ጸሐፊው ማጠቃለያቸው ላይ ከአዳማ በኋላ የመጡትና የሚመጡት ማመንጫዎች፣ አሰላንና አይሻን ጠርተው፣ ከድጋፍ ግዴታ በውል ነጻ እንዲደረጉ ይጠይቃሉ። እኔ በውሉ ውስጥ ሌላ ነገር ቢገባ እወዳለሁ። እያንዳንዱ ተርባይን በዓመት ስንት ጊዜ በድንገተኛ ማቆም እንደቆመ፣ ከእነዚያ ስንቱ በመስመር መቋረጥ፣ ስንቱ ደግሞ በራሱ ብልሽት እንደሆነ ተመዝግቦ ለባለቤቱ ይቅረብ። መቆጣጠሪያው ይህን ሁሉ አስቀድሞ ይመዘግበዋል፤ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። ከጎኑ የማርሽ ሳጥን ዘይት ምርመራ ውጤትና የኩሽኔታ መንቀጥቀጥ ልኬት ይቀመጥ። ሪአክቲቭ ኃይል የሚጠየቅበት መጠንም በኮንቨርተሩ ሙቀት ላይ ተመሥርቶ ይወሰን፤ በአዳማ ከፍታ፣ በአዳማ ቀትር። ጸሐፊው ድጋፍ ያደከመው ተርባይን አለ ካሉ የሚገኘው በዚያ መዝገብ ውስጥ ስለሆነ፣ የተርባይኑን ቁጥርና ቀኑን ጠቅሰው ቢጽፉ በደስታ አነባለሁ።